የእቴጌ ጣይቱ ስም የሚወቀሰውም የሚወደሰውም በአንድ ዓይነት ስሕተት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የካቲት በመጣ ቁጥር የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በጋዜጣ ዓምድ፣ በሬዲዮ ውይይትና በየማኅበራዊ ገጹ ይነሣል። አንዱ ወገን አድዋን ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፣ ምኒልክ ለብቻቸው ቢሆኑ አገሩን ፈርመው ይሰጡ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ዘመዶቻቸውን ያሾሙ፣ ንጉሡን በእጃቸው የያዙ፣ በመጨረሻም መኳንንቱና ጦሩ ከሥልጣን ያወረዷቸው ሴት ናቸው ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ከዚህ ፈቀቅ የማይለው ማስረጃ ጠፍቶ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍፍል የአንዲት ሴት ጠባይ አድርገው ስለሚያነቡት ነው። ወቃሹ በዚህ ንባብ ክፉ ሚስት ያገኝበታል፣ አወዳሹ ደግሞ ከባሏ የምትበልጥ ጀግና ያገኝበታል። የምኒልክን ዘመን መንግሥት አሠራር ግን ከሁለቱም አናገኝም።

ከክፍፍሉ እንነሣ። ጉዳይ ይዞ የመጣ የውጭ መልእክተኛ መጀመሪያ የሚቀርበው ለዐፄ ምኒልክ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በፈገግታ ይቀበሉታል፣ ግብር ያገቡታል፣ ስለ ጠመንጃው ስለ ማሽኑ ይጠይቁታል፣ ለጥያቄውም «እሺ» ይሉታል፤ ቀኑ ግን ነገ ከነገ ወዲያ እየተባለ ይገፋል። ማኅተሙ ይረፍ በተባለ ጊዜ እቴጌይቱ ይገባሉ፤ የእሳቸው መልስ «እምቢ» ነው። የምኒልክ እሺና የጣይቱ እምቢ በዘመኑ የታወቀ ነገር ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሮም፣ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ የተላከው ሪፖርትም በአብዛኛው ይህንኑ ይደጋግማል፦ ንጉሡ በጎ ሰው፣ ሚስቱ ግን የውጭ ሰው የምትጠላ እንቅፋት። ጸሐፊዎቹ የባቡር መሥመር፣ የማዕድንና የመሬት ፈቃድ የሚለምኑ ሰዎች መሆናቸውን አንዘንጋ። ፈቃድ የከለከላቸውን ሰው በመልካም እንዲያነሡ መጠበቅ አይቻልም።

አሁን ይህ አሠራር ማንን ጠቀመ ብለን እንጠይቅ። ከጣልያን ጋር የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) ጣልያን ድረስ ሄደው በተጨማሪ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር አስፈቀዱ፤ የሐረር ጉምሩክም መያዣ ሆነ። ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1883 ዓ.ም. የጣልያን መልእክተኞች አንቶኔሊና ሳሊምቤኒ አዲስ አበባ ተቀምጠው የውሉን አንቀጽ 17፣ ማለትም በጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በጣልያን በኩል ነው የሚለውን፣ ለማስጸናት ሲሞክሩ በፊታቸው ቆመው ፊት ለፊት የተከራከሯቸው እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። አንቶኔሊ ተቆጥቶ አገሩ ተመለሰ። ምኒልክ ግን ያን ቀን ከጣልያን ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አልቆረጡም። ውሉ መሻሩን ለአውሮፓ መንግሥታት በራሳቸው ደብዳቤ ያስታወቁት ሁለት ዓመት ቆይተው በ1885 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መሣሪያ መሰብሰቡና አገር ውስጡን ማደራጀቱ ቀጠለ። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ቁርጡ «እምቢ» በሚስት አፍ ስለተነገረ የንጉሡ በር ክፍት ሆኖ ቆየ፣ ጊዜም ተገዛ። ውሉን የሻረው ደብዳቤ የምኒልክ ነው፣ መልእክተኛውን ፊት ለፊት የመቃወሙ ጭንቅ ደግሞ የጣይቱ ነበር። ይህን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ደካማ ሌላውን ብርቱ ማለት አንድ መንግሥት በሁለት ሰው የሠራውን ሥራ ማፍረስ ነው።

ከዚሁ ከ1883ቱ ክርክር ተወስደው በየፖስተሩና በየቲሸርቱ ስለሚታተሙት ንግግሮችም አንድ ነገር ልበል። ሴት ነኝ ጦርነት አልወድም፣ ይህን ከምቀበል ግን ጦርነት እመርጣለሁ የሚለው ዓይነት ቃል ወደ እኛ የደረሰው በአብዛኛው በጣልያኖቹ መልእክተኞች ጽሑፍ በኩል ነው። የሐሳቡ መንፈስ ከሁኔታው ጋር ይስማማል፤ ተቀናቃኛቸው መመዝገቡም ክብደት ይጨምርለታል። ነገር ግን በአማርኛ የምናነበው ቃል በቃል የእቴጌይቱ አነጋገር ነው ብለን በትእምርተ ጥቅስ ልናትመው አንችልም። ጋዜጣ ሲጠቅሰው «አንቶኔሊ እንደ ጻፈው» የሚሉ ሦስት ቃላት ይበቁታል። በየዓመቱ አዳዲስ «የጣይቱ ንግግሮች» እየተፈጠሩ የሚባዙት እነዚያ ሦስት ቃላት ስለሚቀሩ ነው።

መቀሌ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክርክሩ በጣም የሚዛባው እዚያ ነውና። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ከተያዘ በኋላ የጣልያን ጦር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ በሠራው ምሽግ ውስጥ ቀረ። አዛዡ ሻለቃ ጋልያኖ ነበር፤ ከ1,200 በላይ ሰው ነበረው፣ አብዛኛውም አስካሪ፣ ማለትም በጣልያን ሥር የሚዋጋ የአገሬው ወታደር፣ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን በግንባር ለመያዝ ያደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨርሶ ከሸፈ። የምሽጉ ድክመት ሌላ ቦታ ነበር፦ ውኃው ከግንቡ ውጭ፣ ከኮረብታው ሥር ነው። ምንጩን የመያዙን ሐሳብ ያመጡት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን፣ የያዙትም የእሳቸው ወታደሮች መሆናቸውን የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ይመሰክራል።

ይህ ሥራ ምን ይጠይቅ እንደነበር ሳይነገር ብልኅ ሴት ውኃ ዘጋች ተብሎ ይታለፋል። ምንጩ በምሽጉ ጠመንጃና መድፍ ዓይን ሥር ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ በቀን መያዝ እልቂት ነው፤ በሌሊት ወርዶ ሳይነጋ ድንጋይ ከልሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። የያዘው ሰው ቦታውን ለቅቆ ከወጣ ተከባቢው በአንድ ሌሊት በርሜሉን ሞልቶ ይመለሳል፣ የሳምንቱም ሥራ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ወታደሩ እየተፈራረቀ መጠበቅ፣ ስንቁም እቦታው ድረስ መሄድ ነበረበት። በተከባቢው በኩል ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,200 ሰው በቀን ሁለት ሁለት ሊትር ብቻ ቢጠጣ 2,400 ሊትር ነው፤ የጭነት ከብቱን አንድ አንዱን 20 ሊትር ገደማ ብንል ቁጥሩ ወዲያው ያሻቅባል። የተጠራቀመ ውኃ በዚህ ፍጥነት የሚቆየው ለቀናት እንጂ ለወራት አይደለም። በጥር አጋማሽ ጋልያኖ ምሽጉን ለቀቀ።

እንግዲህ አወዳሹ ወገን «መቀሌን ጣይቱ ብቻቸውን ያዙት» ሲል በግንባር ውጊያው የወደቀውን ሰው፣ ምሽጉን ሲደበድብ የሰነበተውን መድፈኛና የምኒልክን ድርድር ይሰርዛል። ወቃሹ «ተረት ነው» ሲል ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ የተመዘገበ ነገር ይክዳል። ጋልያኖና ጦሩ ከነመሣሪያቸው በሰላም እንዲወጡ የፈቀዱት ምኒልክ ናቸው፤ ይህ ውሳኔ በዚያው ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ ጦር ያን የተለቀቀ ጓድ አጅቦ ወደ አድዋ አቅጣጫ ሲያልፍ ጣልያኖቹ በጎን ሊመቱት አልቻሉም። ምሽጉን ያስለቀቀው የእቴጌይቱ ምክር ነው፣ ከድሉ መንገድ ያወጣበት የንጉሡ ነው።

ወደ አድዋ ስንሄድም ልኩን እንጠብቅ። በዘመቻው በእቴጌይቱ ሥር የተሰለፈው ጦር 5,000 እግረኛና 600 ፈረሰኛ ገደማ ተብሎ ይገመታል። ይህ ከጠቅላላው ሠራዊት ትንሽ ክፍል ነው። ለማንኛውም የአንድ ትልቅ መኰንን ጦር ያህላል፤ ለአንዲት እቴጌ የራሷ ጦር፣ የራሷ አዛዥና የራሷ ርስት ጉልት መኖሩም የማዕረጉ ወግ ነበር። ውኃ ያመላለሱት፣ ቁስለኛ ያነሡት፣ ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች ከየጦሩ የመጡ ሺዎች ናቸው። የጠላትን ጦር እንቅስቃሴ ያመጡት እንደ ባሻ አውዓሎም ያሉ የትግራይ ሰዎች ነበሩ። ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ መኰንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ዋግሹም ጓንጉል እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ግንባር ይዘው ነው የተዋጉት። ጣይቱን ከፍ ለማድረግ እነዚህን ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም።

ከድሉ በኋላ ግን የሚያሳምም ነገር አለ፣ የሚሸሸግም አይደለም። ከጣልያን ጋር ሆነው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የጣልያን ምርኮኞች ግን በሕይወት ተጠብቀው፣ ከሰላሙ ውል በኋላ አገራቸው ተመለሱ። በኋላ በተጻፉ ብዙ ትረካዎች ምሕረቱ ወደ ምኒልክ፣ ቅጣቱ ወደ ጣይቱ ይጠጋል። ቅጣቱ የከዳተኛ ቅጣት ተብሎ በአገሩ ወግ የተፈረደ ነው፤ ያለ ንጉሠ ነገሥቱና ያለ መኳንንቱ ፈቃድ ሊፈጸም አይችልም። እቴጌይቱ በምክሩ ቢገኙበትም ተጠያቂነቱ የሁሉም ነው። ንጉሡን «እምዬ» ብሎ የጠራ ሕዝብ ለጭካኔው ሌላ ባለቤት መፈለጉ ይገባኛል፣ የታሪክ ጸሐፊ ግን ይህን ፍለጋ ሊያግዝ አይገባውም። የአስካሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆችም የሚጠይቁት መንግሥትን እንጂ አንዲት ሴትን አይደለም።

ስለ ትዳራቸው የሚነሣው ነቀፋ በአጭሩ ሊዘጋ ይችላል። ከምኒልክ በፊት ሌሎች ባሎች ነበሯቸው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነበሯቸው። በዚያ ዘመን የነበሩትን የጋብቻ ዓይነቶች የማያውቅ አንባቢ ግን በዚህ ይሳሳታል። የቁርባን ጋብቻ አይፈታም። የሰማንያ ጋብቻ በዋስና በምስክር የሚታሰር፣ በሽማግሌ የሚፈታ፣ ሲፈርስም የጋራ ንብረት የሚካፈሉበት ነው። የደሞዝ ጋብቻ ደግሞ ለጊዜውና በክፍያ ነው። መኳንንቱ በአብዛኛው በሰማንያ ይጋቡ፣ ፖለቲካው ሲለወጥም ይፋቱ ነበር። ምኒልክም የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ትተው አምልጠዋል፤ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ለዓመታት ኖረዋል፤ ዘውዲቱንና ሸዋረጋን የወለዱላቸው ሌሎች ሴቶች ናቸው። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ላይ ሲቆርቡ ሁለቱም ያለፈ ትዳር ነበራቸው። የአንዱን ወንድነት፣ የሌላዋን ነውር ማድረግ ዛሬ የሚፈጸም አድልዎ ነው። በዘመኑ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ አቁርባቸዋለች።

ከዚህ የሚከብደው ክስ የዘመድ ሹመት ነው። በዚህ ላይ አወዳሾቻቸው ዝም ይላሉ፣ ዝምታውም ይጎዳቸዋል። እውነቱን እንዘርዝር። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዥ ነበሩ። የወሌ ልጅ ከፈይ ለትግራዩ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ተዳረች። ሌላው የወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገባ። የከፈይና የመንገሻ ልጅ ሮማነወርቅ ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ታጨች። በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ትግራይ፣ የጁና ሸዋ ተገናኙ ማለት ነው። ይህ የታሰበበት ሥራ ነው፤ በአጋጣሚ የሆነ ነው የሚል ተከራካሪ አያሳምንም። ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በተደጋጋሚ በስትሮክ ሲመቱና ንግግራቸው ሲታሰር እቴጌይቱ በስማቸው ሹም ሽር አደረጉ፤ በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ሥልጣናቸው ሲሸረሸር አዩ።

ይህን ግን ከምን ጋር እናነጻጽረው? ምኒልክ ሐረርን የሰጡት ለአክስታቸው ልጅ ለመኰንን ነው። አጎታቸው ራስ ዳርጌ ከመንግሥታቸው ዋና ምሰሶዎች አንዱ ነበሩ። ሸዋረጋን ለወሎው ራስ ሚካኤል ሰጡ፤ ዘውዲቱን ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ዳሩ፤ ይህም ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የተደረገው እርቅ አካል ነበር። ልጅ ኢያሱም በ1906 ዓ.ም. አባታቸውን ሚካኤልን ንጉሥ አደረጉ። በመጽሐፎቻችን የምኒልክ ጋብቻዎች «አገር የማስተባበር ጥበብ»፣ የኢያሱ ሹመት «የኃይል ሚዛን» ይባላሉ። የጣይቱ ግን «ዘመድ ማሾም» ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት መሣሪያ ናቸው፤ ቃሉ ለሦስቱም እኩል ይዋል።

እኩል ሚዛን ማለት ግን ነፃ ማውጣት አይደለም። በእኔ እይታ የእቴጌይቱ ትክክለኛ ስሕተት ሌላ ነው። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሹመው ነበር፤ ቆይቶም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ተሰይመው ነበር። እቴጌይቱ ግን እነዚህን አዳዲስ ሥፍራዎች ተጠቅመው ድጋፍ ከማሰባሰብ ይልቅ ትእዛዙን በእልፍኝ በኩል አደረጉት። ኃይላቸው ሁሉ በአንድ በታመመ ሰው ስም ላይ ተንጠለጠለ። የጦር ሚኒስትሩን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንና መሐል ሰፋሪውን፣ ማለትም የንጉሡን የማዕከል ጦር፣ በጎናቸው ማሰለፍ አልቻሉም። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ሲወስኑ የሚከላከልላቸው ጦር በከተማው አልነበረም። ይህ የፖለቲካ ስሌት ስሕተት ነው፤ በወንድ ላይ ሲደርስ እንደምንተነትነው ሊተነተን ይገባዋል። አሸናፊዎቻቸው ያን ዕለት ያቀረቡትን ክስ ከመቶ ዓመት በኋላ የታሪክ ፍርድ አድርጎ መቅዳት ግን አይደለም ትንታኔ።

የመርዙ ወሬ የመጣውም ከዚያው ወቅት ነው። ምኒልክን ጣይቱ እየመረዙ አሳመሟቸው የሚል ሐሜት ያኔም ነበር፣ ዛሬም በቪዲዮ ይነገራል። የበሽታው አካሄድ፣ ማለትም ተደጋጋሚ ምት፣ የአካል መስነፍና የንግግር መጥፋት፣ በዘመናዊ ሕክምና የታወቀ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቅሙን እዩት። የእቴጌይቱ ሥልጣን በሙሉ በምኒልክ መኖር ላይ የቆመ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም፤ አልጋ ወራሹ የሌላ ሴት የልጅ ልጅ ነው። ምኒልክ ቢሞቱ መጀመሪያ የሚወድቁት እሳቸው ናቸው፤ እንደዚያም ሆነ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሡ ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ድረስም እዚያው ነበሩ።

ይህ አነጋገር በጣይቱ ብቻ ያበቃ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስን ሁለት ሚስቶች ተመልከቱ። ተዋበች ዓሊ በወጣትነቷ ሞታ ታማኝና ጥሩ ሚስት ሆና ቀረች። ጥሩወርቅ ውቤ ግን «ኩሩዋ፣ ባሏን የናቀችው» ተብላ ትጠቀሳለች። አባቷ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ድል ሆነው በባሏ እጅ እንደ ታሰሩና በእስር እንደ ሞቱ ከዚያው ዐረፍተ ነገር ጋር አይነገርም። አባትዋን ያሰረ ሰው ያገባትን ሴት ለምን አልሳቀችም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። የጥሩወርቅና የጣይቱ አባቶች ወንድማማች ናቸው፤ ጣይቱ ያደጉት ቤተሰባቸው በ1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ሽንፈት ከፈረሰ በኋላ ነው። ዘመድን በሥልጣን ዙሪያ ማሰባሰባቸውን የሚጠይቅ ሰው ከዚያ ዓመት ቢጀምር የተሻለ መልስ ያገኛል። በባፈና ላይ የሚነገረውም፣ ለልጆቿ ዘውድ ስትል ምኒልክን ልትጥል አሴረች የሚለው፣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል።

በምስጋናው በኩል ደግሞ አዲስ አበባን እናንሣ። በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ጠይቀው፣ ስሙንም ያወጡት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን ዜና መዋዕሉ ይናገራል፤ ይህን የሚጠራጠር ምክንያት አላየሁም። ነገር ግን ከተማዋ ከተማ ሆና የቀረችው በስም አይደለም። የማገዶ እንጨት አልቆ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ መሥራት ጀምረው ነበር። በፍጥነት የሚያድገው የባሕር ዛፍ ተክል፣ የመኳንንቱ ሰፈርና የውጭ ኤምባሲዎቹ መሬት መያዝ ባይኖር አዲስ አበባም እንደ አንኮበር ትቀር ነበር። መሥራችነታቸውን እንመስክር፣ የሺዎችን ድካም ግን አንደርብበት። በስማቸው የሚጠራውና ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ያቃጠለው ሆቴልም ተመሳሳይ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል መሆኑ ብቻ በቂ ክብር ነው፤ «ጣይቱ ራሳቸው እያበሰሉ ያስተናግዱ ነበር» የሚለው ጭማሪ አያስፈልገውም።

ለአዘጋጆቹ በተግባር የምለምነው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ ቀን። ጽሑፎቻችሁ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ሲለውጡ በተደጋጋሚ አንድ ቀን ይዛባሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. 1900 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 አልተቋረጠም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለ ቀን ዛሬ በምንጠቀምበት ልዩነት ከተለወጠ በአንድ ቀን ይዘገያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ የዛሬው የአድዋ በዓል ማርች 2 ላይ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። የጣይቱ ንግሥ ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓ.ም. ከኖቬምበር 5 ቀን 1889 ጋር ይገጥማል፤ ኖቬምበር 6 ብሎ የጻፈ ሰው የዛሬውን ሰንጠረዥ ተጠቅሟል ማለት ነው። ከምኒልክ ንግሥ በሁለት ቀን መዘግየቱንም አትርሱ፤ «አብረው ነገሡ» የሚለው አነጋገር ይህን ያጠፋዋል። ከ1900 እ.ኤ.አ. በኋላ ላሉት ቀኖች፣ ለምሳሌ ለመጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ የዛሬው ልዩነት ይሠራል፦ ማርች 21 ቀን 1910።

ሁለተኛ ማዕረግና ፎቶግራፍ። «እቴጌ» የንጉሠ ነገሥት ሚስት ማዕረግ ነው፤ ዘውዲቱ ግን በራሳቸው የነገሡ «ንግሥተ ነገሥታት» ናቸው። የሁለቱ ሥዕል ሲቀያየር ማዕረጉም አብሮ ይቀያየራል፣ ሕጋዊ ሥልጣናቸውም ይደባለቃል። ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ለብሰው የተነሡት የ1909ኙ የንግሥ ፎቶግራፍ የዘውዲቱ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ከጣይቱ ታሪክ ጋር ከመውጣቱ በፊት የሚያረጋግጥ ሰው ይመደብ።

ሦስተኛ ምንጭ። ከእያንዳንዱ ጥቅስ ጎን ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደ ጻፈው አንድ መሥመር ይታከል። ገብረ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ ጌቶቻቸውን ማመስገን ሥራቸው ነው፤ መጽሐፉም በአማርኛ የታተመው ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1959 ዓ.ም. ነው። የመልእክተኞቹ ሪፖርት በሳምንቱ የተጻፈ ነው፣ ጉዳይ ግን ያዘለ ነው። የአዛውንት ትውስታ ቤት ውስጡን ያሳያል፣ ቀን ግን አይጠብቅም። ሦስቱ ሲስማሙ፣ እንደ መቀሌው ውኃ፣ በልበ ሙሉነት ጻፉ። አንዱ ብቻውን ሲናገር፣ እንደ መርዙ ወሬ፣ ወሬ መሆኑን ጽፋችሁ እለፉ።

ከላይ ካልኩት የሚያርም ወይም የሚቃወም ሰነድ ያለው አንባቢ ቢኖር ሰነዱን ከነገጹ ጠቅሶ በዚሁ ዓምድ እንዲመልስልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ